የሰማይ ትጉሃንና የሃይማኖት ነፃነት ወሰን



በ1989 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ዳባት ውስጥ የሥነ ሕይወት መምህር ነበርኩ። በዚያ ሰሞን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በምዕራብና በሰሜን መካከል፣ ከወገራ ሜዳ ማዶ፣ ጅራቱን ወደ ላይ የዘረጋ ታላቅ ኮከብ ማታ ማታ ይታይ ነበር። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ሄል-ቦፕ ብለው የሰየሙት ጅራታም ኮከብ ነው። ቤታቸውን ያከራዩኝ አሮጊት ነጠላቸውን ተከናንበው ከደጃፍ ቆመው ይመለከቱትና «ይህ ደግሞ ምን ሊያመጣብን ይሆን?» ይሉ ነበር፤ በሽማግሌዎች ዘንድ ጅራታም ኮከብ የጦርነት ወይም የረኃብ ምልክት ሆኖ ስለሚቆጠር ነው። እኔም ነገሩ በረዶና አቧራ መሆኑን፣ ወደ ፀሐይ ሲቀርብም ከላዩ የሚተነው ጋዝና ብናኝ ጅራት እንደሚሆንለት አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ «ይሁን ልጄ፤ በረዶም ቢሆን የላከው አለ» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

በዚያው ወር በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ «የሰማይ ደጅ» የሚባል ማኅበር አባላት የሆኑ 39 ሰዎች በአንድ ቤት ውስጥ ራሳቸውን ገድለው ተገኙ። ከዚህ ከምናየው ጅራታም ኮከብ በስተኋላ የጠፈር መንኮራኩር እንደሚከተል፣ ሥጋቸውን ጥለው ቢወጡ ነፍሳቸውን አሳፍሮ ወደ ላቀ ሕይወት እንደሚወስዳት አምነው ነበር። ዜናውን በሬዲዮ የሰማሁ ዕለት ወደ ውጭ ወጥቼ ኮከቡን ብዙ ጊዜ ተመለከትሁት። እነርሱም እኔም ያየነው ያንኑ አንድ ኮከብ ነው።

ይህን የቆየ ነገር ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በቅርቡ በተደረገ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ስብሰባ ላይ አንድ ወንድም እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ «ወጣቶቻችን ሰውን የሠሩት ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ናቸው፣ ከዝንጀሮ ለውጠው ነው የሠሩት ይላሉ። እንዲህ የሚለውን ልጅ ከክፍላችን ማስወጣት አይገባንምን?» ሌላው ተከትሎ መንግሥት ይህን መሰሉን ትምህርት ሊከለክል እንደሚገባ ተናገረ። ሦስተኛዋ እኅት ግን «እኛስ የሃይማኖት ነፃነት አለን እያልን አይደለም የምንኖረው?» ስትል ሁላችንም ዝም አልን። በጽሑፍ ለመመለስ ቃል የገባሁት ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄው ለእኔ እንግዳ አልነበረም። ዳባት ላይ ያስተማርኳት፣ ዛሬ የልጆች እናት የሆነች ሴት፣ ባለፈው ዓመት የ19 ዓመት ልጇን አስከትላ እቤቴ መጥታ ነበር። ቤተ ሰቡ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ናቸው፤ እኔም ካቶሊክ መሆኔን ያውቃሉ፤ ይህም በመካከላችን ቅሬታ ሆኖ አያውቅም። «ጋሼ፣ ለእኛ ያስተማሩን ይህን ነበር ወይ?» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ። «ልጁ ጸሎቱንም ጾሙንም ትቷል። ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ አፍጥጦ ያድራል። ሰውን የሠሩት ከሰማይ የወረዱ ባዕዳን ናቸው ይለኛል። ለንስሐ አባታችን ልንገር ወይስ ለቀበሌ? እርስዎ ይምከሩኝ።»

ልጁ ደባርቅ ላይ ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ የሚገቡ ቱሪስቶችን ዕቃ በበቅሎ ከሚጭኑ ሰዎች ጋር ይሠራ ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳው ስለተመናመነ ብዙውን ቀን ያለ ሥራ ይውላል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ቁጭ ብለው ሲመለከቱ የዋሉ ፈረንጆች ስለ ዝግመተ ለውጥ ሲነጋገሩ ሰምቷል፤ ማታ ደግሞ በስልኩ ስለ መጽሐፈ ሄኖክ የሚተርክ ፊልም ያያል። ሁለቱን አጋጥሞ አንድ እምነት ሠራ። የሄኖክ ትጉሃን የጠፈር ሰዎች ናቸው፤ ዝንጀሮውን ሰው ያደረጉትም እነርሱ ናቸው።

እናቱ ውሃ ልትጠጣ ወደ ጓዳ ስትገባ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ነገር ጠየቀኝ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ፣ ጭና ድረስ ዘልቆ ብዙ ሲቪሎች ሲገደሉ የእናቱ ወንድም ከሟቾቹ አንዱ ነበር። «ትጉሃን ማለት የማይተኙ ማለት ነው፤ አይደል ጋሼ? ታዲያ የዚያን ዕለት ተረኛው ማን ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነገር መልስ የለኝም። ነገር ግን ስለ ጠፈር ሰዎች የሚናገር ወጣት ሁሉ ስለ ጠፈር ሰዎች ብቻ እየተናገረ እንዳልሆነ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

መጽሐፈ ሄኖክን በሚመለከት አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ይህ መጽሐፍ በግሪክና በአራማይክ ቁርጥራጩ ተገኝቷል እንጂ ሙሉውን ጠብቆ ያቆየው የእኛው ግዕዝ ነው። በኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ዘንድ ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ነው፤ በሮማ ቀኖና ባይቆጠርም ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ ስለጠቀሰው ከቶ ልንንቀው አንችልም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ ወገራን አቋርጦ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ። ወደ አገሩ ሲመለስ ሦስት የሄኖክ ቅጂዎች ይዞ ሄደ፤ አንዱ ለፈረንሳይ ንጉሥ፣ አንዱ ለኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን የሊቃውንት መነጋገሪያ ብቻ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1968 ኤሪክ ፎን ዴኒከን የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የጥንት ሰዎች አማልክት ያሏቸው የጠፈር ተጓዦች ነበሩ የሚል መጽሐፍ አወጣ፤ እርሱና ተከታዮቹም ሄኖክን ምስክር አድርገው ያዙት። እነሆ ከጎንደር የወጣው መጽሐፍ ዞሮ ዞሮ በስልክ ደባርቅ ተመልሶ ገባ። ሲወጣ የጸሎትና የፍርድ መጽሐፍ ነበር፤ ሲመለስ የመንኮራኩር ታሪክ ሆኖ መጣ።

መጽሐፉን ራሱን ያነበበ ግን ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ ያያል። ሁለት መቶው ትጉሃን በአርሞንኤም ተራራ ላይ ሲወርዱ ሰው በምድር ላይ ነበረ፤ የወረዱትም የሰውን ሴቶች ልጆች ተመኝተው ነው። ሰውን አልፈጠሩትም፤ አበላሹት እንጂ። ከእነርሱም አንዱ አዛዝኤል ሰይፍና ጋሻ መሥራትን አስተማረ። የመጽሐፉ ጭንቀት ሰው ከምን ተሠራ የሚል አይደለም፤ ክፋት ከወዴት ገባ፣ የፈሰሰውንስ ደም ማን ይጠይቅለታል የሚል ነው። ይህን ለልጁ በነገርኩት ጊዜ «ፊልሙ ላይ ይህ የለም» አለኝ። የለም፤ ሊኖርም አይችልም።

ወደ ዝግመተ ለውጥ እንምጣ። ይህ ትምህርት በአገራችን መጥፎ አጋጣሚ ይዞ ነው የገባው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ስድሳ የሚሆኑ ባለ ሥልጣናትን በአዲስ አበባ ረሸነ። በማግሥቱ፣ ኅዳር 15 ቀን፣ በአፋር ሐዳር ላይ ዶናልድ ጆሃንሰን የድንቅነሽን አጥንት አገኘ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናት ድንቅነሽ ከዚያ ደም ጋር አንዳች ግንኙነት የላትም። ይሁን እንጂ በተከተሉት ዓመታት ብዙው ሰው ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ የሰማው ከሥነ ሕይወት መምህር ሳይሆን ሃይማኖት የሕዝብ ማደንዘዣ ነው ከሚለው ካድሬ አንደበት ነበር። ስለዚህ «ሰው ከዝንጀሮ መጣ» ማለት «እግዚአብሔር የለም» ማለት ሆኖ በጆሮው ቀረ። ዛሬም ዝግመተ ለውጥ ሲባል ወገቡን ታጥቆ የሚነሣ ምእመን ብዙ ጊዜ የሚከራከረው ከዳርዊን ጋር ሳይሆን ከዚያ ካድሬ ጋር ነው። አልፈርድበትም።

ቤተ ክርስቲያናችን ግን በዚህ ነገር ከተናገረች ቆይታለች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጡት መልእክት የሰው ሥጋ ቀድሞ ከነበረ ሕያው ነገር ስለ መገኘቱ ሊቃውንት እንዲመረምሩ ፈቅደው፣ ነፍስ ግን በቀጥታ ከእግዚአብሔር የምትፈጠር መሆኗን አጽንተዋል። ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ደግሞ በጥቅምት ወር 1996 እ.ኤ.አ. ለጳጳሳዊው የሳይንስ አካዳሚ በጻፉት መልእክት፣ ይህ ትምህርት በልዩ ልዩ የጥናት ዘርፎች በተገኙ ማስረጃዎች ስለተደገፈ ከመላ ምት ያለፈ ነገር ሆኗል ብለዋል። ሰው መንፈሱ ሳይቀር የቁስ ውጤት ብቻ ነው የሚለውን ፍልስፍና ግን አልተቀበሉም። ስለዚህ ካቶሊካዊ መምህር ድንቅነሽን ከክፍሉ የሚያስወጣበት ምክንያት የለውም።

ጭላዳውንም በሚመለከት፣ ደባርቅ ላይ የሚነገረው ስሕተት ነው። ጭላዳ አያታችን አይደለም። የእርሱና የእኛ የዘር ሐረግ ከተለያዩ ከ25 ሚሊዮን ዓመት በላይ እንደሆነ ሊቃውንቱ ያስተምራሉ፤ የእርሱ የሩቅ ዘመዶች አጥንትም ድንቅነሽ በተገኘችበት በሐዳር ምድር ተገኝቷል። እርሱም እንደ እኛ የራሱን መንገድ ተጉዞ እዚህ የደረሰ፣ ሣር እየነጨ በገደል አፋፍ የሚያድር ፍጥረት ነው። ማንም ከሰማይ ወርዶ ሰው ሊያደርገው አልሞከረም። ደግሞስ ሰውን የጠፈር ሰዎች ሠሩት ብንል እነርሱን ማን ሠራቸው? ጥያቄው ቦታ ለወጠ እንጂ አልተመለሰም።

በሌሎች ዓለማት ፍጡራን ይኖራሉን? ይህም ቢሆን ሃይማኖትን የሚያናጋ ጥያቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1277 የፓሪስ ጳጳስ ከአወገዟቸው ትምህርቶች አንዱ እግዚአብሔር ከአንድ በላይ ዓለም ሊፈጥር አይችልም የሚለው ነበር፤ የፈጣሪን ኃይል ይወስናልና። በዘመናችንም እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ሌሎች ከዋክብትን የሚዞሩ ከ5,000 በላይ ፕላኔቶች ተገኝተዋል፤ ሕይወት መኖሩ የተረጋገጠበት ግን እስካሁን አንድም የለም። የቫቲካን የሥነ ፈለክ ጥናት ማዕከል ኃላፊ የነበሩት ኢየሱሳዊው አባ ሆሴ ገብርኤል ፉነስ እ.ኤ.አ. በ2008 ለቫቲካን ጋዜጣ በሰጡት ቃል፣ እንደዚህ ያሉ ፍጡራን ይኖሩ ይሆናል ብሎ ማሰብ ከእምነታችን ጋር እንደማይጋጭ፣ ቢኖሩም እንደ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ አነጋገር ወንድሞቻችን እንደሚሆኑ ገልጸዋል። ግን ሁልጊዜ እንዲህ ለዘብ ብለን አልተናገርንም። ጆርዳኖ ብሩኖ እ.ኤ.አ. በ1600 በሮም አደባባይ በእሳት ሲቃጠል ከቀረቡበት ክሶች መካከል ስለ ብዙ ዓለማት ያስተማረው ትምህርት ይገኝበታል። ይህን ሳይናገሩ ስለ አባ ፉነስ ብቻ መናገር ለአንባቢ ግማሽ እውነት መስጠት ይሆናል።

እንግዲህ ማሰቡና መጠየቁ የተፈቀደ ነው። በጠፈር ፍጡራን ማመን ሃይማኖት ሆኖ ሲቆምስ? ይህ በእርግጥ ሆኗል። ክሎድ ቮሪሎን የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1973 ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር አግኝቶኝ የሰውን ዘር በቤተ ሙከራ የሠራነው እኛ ነን አለኝ ብሎ ራኤላውያን የሚባል ማኅበር አቋቋመ። የዳባቱ ልጅ ብቻውን አውጥቶ አውርዶ የደረሰበት ሐሳብ በሌላ አገር አባላትና መሪ ያለው እምነት ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በስዊዘርላንድ፣ በኔሻቴል ከተማ፣ ማኅበሩ የጠፈር ፍጡራን ፊትና በራሪ ሳሕን የተሳሉበት ማስታወቂያ እንዳይለጥፍ ተከለከለ። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 ክልከላው መብት አልጣሰም ተብሎ ተወሰነ፤ የዳኞቹ ድምፅ ግን 9 ለ8 ነበር። ልብ በሉ፤ ማስታወቂያው የተከለከለው በጠፈር ሰዎች ስላመኑ አይደለም። ወደ ማኅበሩ የሚመራው ጽሑፍ ሰውን በቤተ ሙከራ ስለ ማባዛት፣ አዋቂዎች ብቻ ስለሚገዙበት መንግሥት የሚሰብክ ስለነበረና በሕፃናት ላይ ስለሚደርስ በደልም ስጋት ስለተነሣ ነው። ማኅበሩ ራሱ አልተዘጋም፤ አባላቱም እንዳሻቸው ያምናሉ። እንዲህም ሆኖ ስምንቱ ዳኞች ክልከላውን አልተቀበሉትም። እኔ በበኩሌ ወደ ስምንቱ አደላለሁ፤ ዛሬ የሌላው ማስታወቂያ ከግድግዳ ሲነሣ ነገ የእኛ ጉባኤ ማስታወቂያ የማይነሣበት ምን ዋስትና አለ?

ስለ ወሰን ከተነሣ የአፍሪካ ጎረቤቶቻችን ያዩት ከራኤላውያን እጅግ የከፋ ነው። በኡጋንዳ ካኑንጉ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 የዓለም ፍጻሜ ደረሰ የሚል ማኅበር አባላት በቤተ ጸሎታቸው ውስጥ ተቃጠሉ፤ በኋላም በየቦታው የተቀበሩ ሬሳዎች ተገኙ፤ የሞቱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ከመሪዎቹ መካከል የካቶሊክ ካህን የነበረ ሰው መኖሩን መሸሸግ አይገባንም። በኬንያ ሻካሆላ እ.ኤ.አ. በ2023 ክርስቶስን ለማግኘት በረኃብ ሙቱ ተብለው የተሰበኩ ከ400 በላይ ሰዎች አስከሬን ከጫካ ወጣ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። በእነዚህ ሁለት ስፍራዎች በራሪ ሳሕን አልነበረም። የተሰበከው በመጽሐፍ ቅዱስ ስም ነው። እንግዲህ አደጋው በእምነቱ እንግድነት ይለካል ብሎ የሚያስብ ሰው፣ ጠፈር የሚለውን ልጅ ሲያሳድድ ሻካሆላን በጓሮው በር ሊያስገባ ይችላል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 27 ማንም ሰው በመረጠው ሃይማኖት የማመን ነፃነት እንዳለው፣ ይህንንም በኃይል ሊነፍገው የሚችል እንደሌለ ይደነግጋል። ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብትም አላቸው። ሊገደብ የሚችለው እምነቱን በሥራ መግለጡ ሲሆን፣ እርሱም የሕዝብን ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርትና ግብረ ገብነት፣ የሌሎችንም መብት ለመጠበቅ እንዲሁም መንግሥት ከሃይማኖት ነፃ መሆኑን ለማረጋገጥ በሚወጣ ሕግ ብቻ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1965 ባወጣው የሃይማኖት ነፃነት መግለጫ ከዚህ ጋር በብዙ ይስማማል፤ እንዲያውም እውነትን የመፈለግ ግዴታውን ችላ ያለ ሰው እንኳ የሌላውን መብትና የሕዝብን ሰላም እስካልነካ ድረስ ይህን ነፃነት እንደማያጣ ያስተምራል። ብዙ ምእመናን ይህን ሲሰሙ ይደነቃሉ። ቤተ ክርስቲያን ስሕተትን እውነት ነው አላለችም፤ ሰው ተገዶ ወደ እውነት አይደርስም አለች እንጂ።

በትምህርት ቤት ይህ ወሰን ምን እንደሚመስል ዳባት ላይ ከአንዲት ተማሪ ተምሬያለሁ። ስለ ዝግመተ ለውጥ በሰጠሁት ፈተና ላይ ሁሉንም በትክክል ከመለሰች በኋላ ከታች «መጽሐፉ እንዲህ ይላል፤ እኔ ግን አላምንበትም» ብላ ጻፈች። ሙሉ ውጤት ሰጠኋት። የተጠየቀችው ሳይንሱ የሚለውን ማወቋን እንጂ ልቧን አልነበረም። በሌላ በኩል አንድ አባት መጥተው ትምህርቱ ለልጆቹ ሁሉ እንዲቀር በጠየቁ ጊዜ አልተቀበልኳቸውም። የልጃቸው ኅሊና የእርሳቸው አደራ ነው፤ የሌላው ሰው ልጅ ማወቅ የሚገባውን የመከልከል ሥልጣን ግን የላቸውም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ካቶሊካዊ ሆኜ መጻፌን አልረሳሁም፤ ጎንደር አካባቢ ደግሞ ካቶሊካዊ ስለ ነፃነት ሲናገር መጀመሪያ ሊነገረው የሚገባ ታሪክ አለ። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክ እምነትን በይፋ ተቀበሉ። ጴጥሮስ ጳኤዝ በትዕግሥትና በጥበብ ያቀረበውን፣ ከእርሱ ሞት በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በአዋጅ ሊያስፈጽመው ፈለገ። የተጠመቀው ሕዝብ ዳግም እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግም ክህነት እንዲቀበሉ፣ የአባቶች ሥርዓት እንዲለወጥ አዘዘ። በዚሁ ንጉሥ ዘመን በእነዚህ በሰሜን ተራሮች ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያንም ተወግተው ለመጠመቅ ተገድደዋል። አገሩ ታመሰ። እ.ኤ.አ. በ1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ብቻ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች እንደወደቁ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ንጉሡ ያሸነፉት የገዛ ሕዝባቸውን ነበርና ወዲያው የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው፣ መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። እኛ ካቶሊካውያን ከዚያ በኋላ ለዘመናት በጥርጣሬ ብንታይ ዘሩን የዘራነው እኛው ነን።

ግዴታው ፊቱን ሲያዞር ደግሞ እኛን አገኘን። እ.ኤ.አ. በ1638 ካፑቺናውያኑ አጋታንጅና ካሲያን ጎንደር ላይ ተሰቀሉ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1847 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በሰሜን ደረስጌ ማርያም ዘውድ ጫኑ። በዚያው ዓመት ክረምት አባ ገብረ ሚካኤል በእግር ብረት እንደታሰሩ ሞቱ። እኚህ ሰው በጎንደር የታወቁ ሊቅ ነበሩ፤ የደጃዝማች ውቤ መልእክተኞች ጳጳስ ሊያመጡ ወደ እስክንድርያ ሲወርዱ አብረው ሄደው፣ ከአቡነ ያዕቆብ ማለት ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር ተዋውቀው፣ ብዙ ከመረመሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1844 ካቶሊክ ሆኑ። እምነትህን ካድ ተብለው ተገረፉ፤ አልካዱም። እ.ኤ.አ. በ1926 ብፅዕናቸው ታወጀ። በየዓመቱ በዓላቸውን ስናከብር ደስ ይለናል። ግን የሜንዴዝን አዋጅ ከአባ ገብረ ሚካኤል ሰንሰለት ለይተን የምናይበት ዓይን የለንም፤ ሁለቱም የተሠሩት ከአንድ ብረት ነው።

ስለዚህ ለጠየቀኝ ወንድም የምመልሰው ይህን ነው። ልጁን ከክፍል አታስወጣው። ወደ ቀበሌም የሚያስኬድ ነገር የለውም፤ ለእናቱም የነገርኳት ይህንኑ ነው፣ ደስ ባይላትም። የሚናገረው ስሕተት ከሆነ ስሕተቱን በክፍል ፊት በትዕግሥት አሳየው፤ ሄኖክን ራስህ ሳታነብ ግን አትጀምር፣ ያሳፍርሃል። ነገር ግን ከእንደዚህ ያለ ወጣት ጋር አንድ መሪ ቢነሣና ታናናሾቹን መድኃኒት ተዉ፣ አትብሉ፣ ወላጆቻችሁን ትታችሁ ተከተሉኝ፣ ገንዘባችሁን አምጡ ማለት ቢጀምር፣ በዚያን ጊዜ ስሙ የጠፈር ይሁን የክርስቶስ ሳትለይ፣ ሳትዘገይ፣ ለወላጅም ለሕግም ተናገር። በካኑንጉ የተናገረ ሰው ቢበዛ ምናልባት ብዙዎች ይተርፉ ነበር። ይህን ወሰን በቀላሉ መለየት ይቻላል አልልም። ጾምና ረኃብን፣ መታዘዝና ባርነትን የሚለየው መስመር አንዳንድ ጊዜ በጣም ቀጭን ነው፤ እኛም በገዳማችንና በቁምስናችን ውስጥ ልንጠነቀቅለት የሚገባ መስመር ነው።

ልጁ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ሃይማኖቱን እንዲለውጥ አልጠየቅሁትም፤ እናቱም በዚህ ታምነኛለች። የምናነበው በአንድ ገጽ ግዕዝ፣ በሌላው አማርኛ የሆነውን ሄኖክ ነው። እርሱ በልጅነቱ ከቄስ ትምህርት ቤት የያዘው ግዕዝ ከእኔ ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ የሚያርመኝ እርሱ ነው። በመንኮራኩሩ ነገር እስካሁን አላመነኝም። ምዕራፍ 8 ላይ አዛዝኤል ሰይፍ መሥራትን ሲያስተምር «ይኸው፤ ቴክኖሎጂ!» አለኝና ሳቅን።

ባለፈው ቅዳሜ ምዕራፍ 9 ደረስን። አራቱ መላእክት ከሰማይ ወደ ምድር ተመልክተው ብዙ ደም ሲፈስ የሚያዩበት፣ የሞቱትም ሰዎች ነፍሳት ጩኸት እስከ ሰማይ ደጃፍ የሚደርስበት ስፍራ ነው። እዚያ ላይ ንባቡን አቆመ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ገጹን ፎቶ አነሣውና «ጋሼ፣ ይህችን እንደገና እናንብባት» አለኝ።